«ዶክተር ከሆንሽ ወዲያ ምን ቀረሽ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣልን ከጎሮ ነው። ሰው ሁሉ ችግሩን በስልክ መልእክት በሚልክበት በዚህ ጊዜ፣ ይህቺ እህት ስድስት ገጽ ሙሉ በእስክሪፕቶ ጽፋ፣ በፖስታ አሽጋ ልካለች። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ነውና አልነበብ ስላለኝ ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩ የገባኝም በሁለተኛው ነው። ማንነቷን የሚያሳውቀውን አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«በቅድሚያ ለዝግጅት ክፍሉ አባላት በያላችሁበት የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ የ32 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጎሮ አካባቢ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። አባታችን በሕይወት የለም፤ እናቴ ናት ነግዳ ያሳደገችን። ሕክምና ተምሬ ዶክተር ሆንኩ፣ ክፍለ ሀገር ወጥቼ ሠራሁ፣ ከዚያም ተመልሼ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረግኩ።

«አሁን ውጭ አገር የሁለት ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና አግኝቻለሁ። ሥልጠናው የልጆችና የወጣቶች የስሜት ሕመም ላይ ነው፤ ድብርትና ባይፖላር የሚባሉትን ማለቴ ነው። ይህን ዕድል ሦስት ዓመት ስፈልገው ኖሬያለሁ። እናቶች የ12 እና የ14 ዓመት ልጅ ይዘው ይመጣሉ። እኔ የተማርኩት ባመዛኙ የአዋቂውን ነው። ልጁ ፊቴ ተቀምጦ ጫማ ጫማውን ሲያይ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል።

«ችግሬ እጮኛዬ ነው። አራት ዓመት አብረን ቆይተናል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስረን፣ ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ቤት አሳድሶ እየጠበቀኝ ነው። የሥልጠናውን ነገር ስነግረው ‹ዶክተር ከሆንሽ ወዲያ ምን ቀረሽ? ሕፃን ልጅ ደግሞ ምን ያስጨንቀዋል?› ብሎ ሳቀብኝ። የምሬን መሆኑን ሲያውቅ ግን ‹የሄደ ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። ወይ እኔን ወይ ትምህርቱን› አለኝ። እናቴም ‹እስከ መቼ ተማሪ? የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት?› ትለኛለች። መልስ ለመስጠት የቀረኝ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው።

«ሌላው የሚያሳስበኝ ወንድሜ ነው። 15 ዓመቱ ነው። ከክፍሉ ሁለተኛ ሦስተኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ዘንድሮ አራት ትምህርት ወደቀ። ኳስ መጫወቱን ትቷል። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አይነሳም። ሲያናግሩት ይነጫነጫል፣ በር ያላትማል። አንዴ ራሴን አንዴ ሆዴን ይላል። ባለፈው ለእናቴ ‹እኔ ባልኖር ምን ይጎድልባችኋል?› አላት። እናቴ ጉርምስና ነው ትላለች። ዘመዶች ጠበል ይሂድ ይላሉ፤ የአባቴም ወንድም በወጣትነቱ ሳምንት ሙሉ ሳይተኛ በሬዎቹን ሸጦ ገንዘቡን ላገኘው ሁሉ አድሎ ነበር እያሉ በቤታችን ይሳቃል። እኔ ምን እንደያዘው አውቃለሁ። ሆስፒታል ብወስደው ባልደረቦቼ ይሰማሉ። ስለዚህ ራሴ መድኃኒት ላስጀምረው አስቤያለሁ። ሥልጠናውንም አንዳንዴ የምፈልገው ለእሱ ብዬ ይመስለኛል። እባካችሁ ልሂድ ወይስ ልቅር? መላ በሉኝ።
ግራ የገባኝ፣ ከጎሮ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ስድስት ገጽ ነው። ከዚህ ውስጥ ሦስት ገጽ ተኩሉ ስለ እጮኛሽ ነው። ስለ ወንድምሽ የጻፍሽው ግን የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ 11 መስመር ብቻ ነው። ቆጥሬዋለሁ። እኔ የምጀምረው ከእነዚያ 11 መስመሮች ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት እናት ለዚሁ ዓምድ ጽፈውልኝ ነበር። የ16 ዓመት ልጃቸው ክፍሏን ዘግታ እንደምትውል፣ ምግብ እንደማትበላ፣ ሲቆጧት እንደምትጮህ ነበር ያዋዩኝ። እኔም ብልጥ መስዬ «ጉርምስና ነው፣ ያልፋል፣ ታገሷት» ብዬ መለስኩ። እኚያ እናት ሁለተኛ ደብዳቤ አልጻፉልኝም። ልጅቷ ምን ሆነች? እስከ ዛሬ አላውቅም። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በዚህኛው አልቀልድም፤ ከራሴም አልመልስም።

አንቺ የምትጠይቂውን ዓይነት ሥልጠና ውጭ አገር ወስዶ የተመለሰ አንድ ሐኪም አውቃለሁ። ስሜን እንዳትጽፍ ብሎኛል። ጎሮ አደባባይ አጠገብ ካለች አንዲት ቡና ቤት ቀጥሬው ደብዳቤሽን አነበብኩለት። በሬ ሻጩ አጎትሽ ጋ ስደርስ የያዘውን ስኒ አስቀመጠና «እስቲ ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። «አየህ፣» አለኝ፣ «ይህንን ሌላ ቤተሰብ ቢነግራት ኖሮ ብድግ ብላ በካርዱ ላይ ትጽፈው ነበር። የራሷ ቤት ሲሆን ግን ተረት ሆነባት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳምንት ሙሉ ሳይተኛ ንብረቱን በትኖ በደስታ የሰከረ ሰው የማኒያ ምልክት አለበት ተብሎ ይጠረጠራል፤ የባይፖላር አንዱ ፊት ነው። ባይፖላር ደግሞ በዘር ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ባለበት ቤት ለተደበረ ልጅ የድብርት ክኒን ብቻውን ዝም ብሎ ቢሰጠው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል። አጎትሽ ባይፖላር ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ የሚል ሰው አላየውም። ግን ሐኪም ክኒን ከመጻፉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። አንቺ ትምህርቱ ጠፍቶሽ አይደለም። እህት ስለሆንሽ ነው ያላየሽው። ለዚህ ነው የራስ ዘመድ አይታከምም የሚባለው።

ሁለተኛም አለ። ልጁ ለሐኪም የሚናገረውን ለአንቺ አይናገርም። ያንቺ ጆሮ የእናቱ ጆሮ ነው፤ እራት ላይ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ ቀጥ አድርጎ የሚጠይቀው፣ መልሱንም ሳይደነግጥ የሚሰማው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አንባቢዎቼም ልብ በሉልኝ። ብዙ ወላጅ ይህን ጥያቄ የሚፈራው ሐሳቡን ልጁ ልብ ውስጥ የሚያስገባ ስለሚመስለው ነው። አያስገባም። ባለሙያዎቹ የሚሉት ተቃራኒውን ነው፤ ሲጠየቅ ከልቡ ሸክም ይወርድለታል። «እኔ ባልኖር ምን ይጎድልባችኋል?» የሚል ልጅ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። ቁጣ አይደለም መልሱ፣ ስብከትም አይደለም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ምን ማለትህ ነው?» ማለት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ሥልጠናሽ ሁለት ዓመት ነው፤ ወንድምሽ ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለበትም። በዚህ ሳምንት ይታይ። ባልደረቦቼ ይሰሙብኛል ካልሽ ከምትሠሪበት ውጭ ውሰጂው። በየካቲት 12 እና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ልጆችን የሚያዩ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች ሲሠሩ ቆይተዋል፤ አማኑኤልም አለ፤ የግሎቹንም ከእኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። ከጎሮ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ላይ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቢሆን ነው። እስከዚያው ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የአይጥና የተባይ መርዙን ጭምር፣ ከልጁ እጅ አርቂ። ብቻውን ብዙ አትተዉት። ያንን ንግግር ከደገመው ወይም አንድ ነገር ለማድረግ ሲያስብ ካገኛችሁት ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ጠበሉንስ? እናትሽንና ዘመዶችሽን በጠበል ጉዳይ አትጣያቸው። መጸለይ ለሚፈልግ ሰው ሐኪም ቤት በር አይዘጋበትም። የሚጎዳው ጠበሉ ሐኪሙን ሲያስቀር፣ ወይም የተጀመረ መድኃኒት በአንድ ቀን ሲያስጥል ነው። ሁለቱም ይሂዱ በያቸው።

«ሕፃን ልጅ ምን ያስጨንቀዋል?» ላለው እጮኛሽም፣ እንደ እሱ ለሚያስቡት አንባቢዎቼም ሐኪሙ የነገረኝን ልንገር። እኛ ሰፈር «ሙድ ያዘብኝ» ሲባል ቀለደብኝ ማለት ነው። የሐኪሞቹ ሙድ ሌላ ነው። «የአንድ ሰዓት ንዴት ወይም ሐዘን ደመና ነው፣» አለኝ ሐኪሙ፣ «ሙድ ግን ክረምቱ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ፀሐይ ቢወጣ ክረምቱ አበቃ ይባላል?» ስለዚህ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ቀን ስለሳቀ ድኗል አይባልም። በአዋቂ ላይ ድብርት ባብዛኛው ሐዘን መስሎ ይመጣል። በልጅ ላይ ግን ንጭንጭ፣ ቁጣ፣ በር መወርወር፣ ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ጉርምስና እየተባለ የሚታለፈው። ልዩነቱስ? ጎረምሳ እናቱን ይነጫነጭባታል፣ ኳሱን ግን አይተውም። የሚወደውን ነገር ሁሉ ከተወ፣ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ አብረው ከተበላሹ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ጉርምስና ብላችሁ አትለፉት።

ይህ ደግሞ የፈረንጅ ልጅ በሽታ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአምቦ ወረዳ ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ዶክተር ምኒልክ ደስታም በአዲስ አበባ ልጆች የአእምሮ ሕመም ስርጭት ላይ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን አግኝተውበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው ይላል። እንግዲህ አስቡት። በሽታው የሚጀምረው በልጅነት፣ ሐኪሙ የሚማረው ባብዛኛው የአዋቂውን!

«ምን ቀረሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው እህቴ። የቀረሽ ይህ ነው። አገራችን የአእምሮ ስፔሻሊስት በራሷ ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ። ያኔ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንቺ የዚያ ፍሬ ነሽ። በአሜሪካ እንኳ ልጆችን የሚያክም የአእምሮ ሐኪም ከአጠቃላዩ ስፔሻሊቲ ሌላ በተለምዶ ሁለት ዓመት ይጨምራል። ቅንጦት አይደለም።

ሐኪሙን «በሁለት ዓመቱ ምን ተማርክ?» አልኩት። ሳቀና «መጠየቅ» አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ወራት አስተማሪው ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ነው የሚያየው። አንድ ቀን ሲወጣ «እናትየዋን 19 ጥያቄ ጠየቅሃት፤ ልጁን ሁለት» አለው። ከዚያ ወዲህ ልጁን ብቻውን፣ እናቱን ብቻዋን፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ለመደ። ስለ ኳስ፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ስልክ ጀምሮ ወደ እንቅልፍ፣ ከእንቅልፍ ወደ ተስፋ መቁረጥ መሄድን ተማረ። መምህራንን ማናገር፣ አባትና እናት ሲጣሉ ልጁ የት ቁጭ ብሎ እንደሚሰማ መጠየቅ፣ ሁሉም ትምህርት ነው።

መድኃኒቱም የራሱ ጥበብ አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 439 የተደበሩ ልጆች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቷል። ከ12 ሳምንት በኋላ ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን ክኒን ብቻ ከወሰዱት 61 በመቶው ተሻላቸው። አስተሳሰብንና ልማድን በሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ብቻ ከታከሙት 43 በመቶው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ካገኙት ደግሞ 71 በመቶው። የውሸት ክኒን ከተሰጣቸውም 35 በመቶው ተሽሏቸዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የድብርት መድኃኒቶች በአንዳንድ ልጆችና ወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምሩ ስለሚችሉ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ ይታዩ የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዘዘ። ክኒኑ ይሠራል፣ ግን ክኒኑን ሰጥቶ «ከወር በኋላ ና» ማለት አይቻልም ማለት ነው። አንቺ ወንድምሽን በጓዳ ላስጀምረው ያልሽው ይህንን ነው!

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው፣ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ጎረቤት ይመልከት። በሰሜን ኡጋንዳ በጦርነት ተፈናቅለው በካምፕ በሚኖሩ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው በቡድን እያወያዩ የሰጡት የንግግር ሕክምና በተለይ የሴቶቹን ልጆች ድብርት ቀንሷል። ማለትም አንድ በደንብ የሠለጠነ ሐኪም ሌሎች ብዙ ሰዎችን ሊያሠለጥን ይችላል። አንቺ ተመልሰሽ ዐሥር ነርስ ብታስተምሪ የምትደርሺላቸውን ልጆች ቁጥር አስቢው።

ግን እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ አትፈርሚ። የተላከልሽን ደብዳቤ እንደገና አንብቢው። በእጅሽ የምታክሚበት ነው ወይስ ቆመሽ የምታይበት ብቻ? ብዙ አገር ከውጭ ለመጣ ሐኪም የራሱን ፈቃድ ካልያዘ በሽተኛ አያስነካም። በሳምንት ስንት ልጅ ታያለሽ? ማን ይቆጣጠርሻል? ደመወዝ አለው ወይስ ከኪስሽ ነው? ለስፔሻሊቲሽ ለስንት ዓመት አገልግሎት ፈርመሻል፣ መሥሪያ ቤትሽስ ይለቅሻል? ስትመለሺ ወረቀቱ እዚህ ይታወቃል? ከዚህ ሁሉ አንዱ የማይሆን ከሆነ በርሽን ሌላም ቦታ አንኳኪ። በናይጄሪያ የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ በልጆችና ወጣቶች አእምሮ ጤና ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የሄዱ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ልጆቹ፣ ድህነቱ፣ የቤተሰቡ ነገር ከቶሮንቶ ይልቅ ለጎሮ ይቀርባል።

አሁን እጮኛሽ ጋ ልምጣ። «ወይ እኔን ወይ ትምህርቱን» ማለቱን አልወደድኩትም። ግን «የሄደ ሁሉ እዚያው ይቀራል» ያለው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ስንቱ ሐኪማችን ለሁለት ዓመት ብሎ ሄዶ ሃያ ዓመት ቀርቷል። ስለዚህ በመጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ። ትመለሻለሽ? በልብሽ ጥግ «ካማረኝ እቀራለሁ» የሚል ካለ፣ እሱን ሳትደብቂ ንገሪው። የምር የምትመለሺ ከሆነ ደግሞ ቁጭ አድርገሽ ቀኑን ቁጠሪለት፤ መቼ ትሄጃለሽ፣ መቼ ለዕረፍት ትመጫለሽ፣ መቼ ትጨርሻለሽ። በጥር ተጋብታችሁ መሄድ ይቻላል? ሠርጉን ማዘግየት ይሻላል? እሱስ መጥቶ ሊያይሽ ይችላል? ይህን ሁሉ ሰምቶ «አይሆንም» ካለ፣ ያኔ እምቢ ያለው ለሁለት ዓመቱ ሳይሆን ለሥራሽ ነው። ከተጋባችሁ በኋላም ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ፣ የሰው ልጅ ሲሞትብሽና ስታለቅሺ ያው «ምን ቀረሽ?» ይከተልሻል። ቀለበት ያሰርሽው ከእሱ ጋር ነው፤ ሙያሽን ግን አብረሽ አላስረከብሽም።

ለእናትሽ የምልሽ አጭር ነው። የልጅ ልጅ ይደርሳል። አሁን ያለውን ልጃቸውን አድኚላቸው።

እንግዲህ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለሽኛል። እኔ ሂጂ ባይ ነኝ። ግን በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ወንድምሽ በሌላ ሐኪም እጅ ይግባ፤ ክትትሉ ይጀመር፤ ካንቺ ሌላ ቀጠሮውን የሚያስታውስና አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው ይኑር። ይህ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልረጋ ቀኑን አዘግዩልኝ ብለሽ ጻፊላቸው፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለተኛ፣ የምትሄጂው ለወንድምሽ ብለሽ አይሁን። አንቺ ተምረሽ ስትመለሺ እሱ 17 ዓመት አልፎታል። ለወንድምሽ የምትሆኚው እህት ብቻ ነው፤ ምሳ አብሮ መብላት፣ ሲነጫነጭ አለመራቅ፣ ቀጠሮው ቀን ታክሲ ይዞ መሄድ። ሥልጠናው ለሌሎቹ ነው፤ ፊትሽ ተቀምጠው ጫማቸውን ለሚያዩት።

ባልደረቦችሽ ቢሰሙስ? ይስሙ! የልብ ሐኪም እናት የልብ ሕመም ሲይዛት ማን ይስቃል? አንቺ በየቀኑ ለሰው እናቶች «አታፍሩ» ትያለሽ አይደል? ሰኞ ጠዋት ከወንድምሽ ጎን ወረፋ ላይ ስትቀመጪ ያንኑ ለራስሽ በይው።

ከታየ በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ከአንዲት እናት ያልመጣልኝ ሁለተኛ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛልና ያንቺን እጠብቃለሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እናንተስ ምን ትሏታላችሁ? ሐሳባችሁን ላኩልኝ። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ።